የደመና አባት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መተኛት ነበር። ሌላው በሬውን ሲጠምድ እሱ ጋቢውን ያነጥፋል፤ ሌላው አረም ሲነቅል እሱ ከማሳው ዳር በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ያያል። አንድ ቦታ ላይ ከመንጋለሉ ብዛት ጀርባው ያረፈበት መሬት ጎድጉዶ ክረምት ክረምት ውሃ ይቋጥር ነበር፤ ዳክዬ ይዋኝበት ነበር የሚሉም አሉ። ዳክዬዋ ላይ ትንሽ ሳይጨመርባት አልቀረም፤ ጉድጓዱ ግን እውነት ነው።

ትርንጎ ልጄ፣ አትሳቂ። መንደሩ ለክልሉ ምክር ቤት መርጦ የላከሽ ጥርስሽን እንድታሳዪ አይደለም። ደን ስለ መጠበቅ፣ ስለ ተዛባውም አየር አዋጅ ሊወጣ ነው፣ እጅ አውጪ ልባል ነው ብለሽ ከነመንገድ አቧራሽ መጥተሽ ጠየቅሽ። «ሰማዩ ድንበር የለው፤ ሙቀቱ የዓለም ሁሉ ሥራ ነው፤ አንድ ክልል ለብቻው አዋጅ ቢያወጣ ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ሌሎቹ ይጀምሩት ለሚሉኝስ ምን ልበል?» አልሽ። ደግ ጥያቄ ነው። መልሱ ያ የተኛው ሰው ነውና አረፍ በይና ስሚ።

ያ ሰው በሚኖርበት አገር ሁሉም ነገር አባት ነበረው። የመስኖውን ውሃ በየተራ ለየእርሻው የሚያካፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ እሱስ በኛም አገር አለ። እዚያ ግን መንገዱም አባት ነበረው፣ ግጦሹም አባት ነበረው፣ ድልድዩም አባት ነበረው፤ ጌታ የሌለው የገበያ ውሻ እንኳ አባት ነበረው። አንድ ነገር የጎደለ እንደሆነ ሰው ወደ አደባባይ ይወጣና «አባቱ ማነው?» ብሎ ይጮኻል፤ አባቱም መጥቶ ያቃናል። ካላቃና ሕጉ አጭር ነበር፤ አባት ተብሎ ልጁን ያላኖረ አገር ይልቀቅ ይላል። በዚህ ምክንያት በዚያ አገር ሹመት የሚሻ ሰው አይገኝም ነበር። በዚህ በዚህማ ነገሩ ተረት መሆኑ ያስታውቃል።

በአገሩ ራስጌ አንድ ተራራ ነበረ። ዱሮ ዝግባውና ወይራው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙበት፣ ዛፎቹ አርጅተው አርጅተው ከየቅርንጫፋቸው ነጭ ጢም ያንጠለጠሉበት ተራራ ነበር ይባላል። የአገሩ ገዢ ግን አዳራሽ ይወድ ነበር። ያሠራው አዳራሽ እንዲህ ረጅም ነበርና በምዕራብ በር የገባ ሙሽራ በምሥራቅ በር የሚወጣው ልጁን ታቅፎ ነው። የዚያ አዳራሽ ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ከተራራው ወረደ። ከአዳራሹ የተረፈው ለከሰል ሆነ፤ ከከሰሉ የተረፈው ለአጥር፤ ከአጥሩ የተረፈውን ፍየል ጨረሰው። ተራራው ራሰ በራ ሆነ። ፀሐይ ስትወጣበት ከማብለጭለጩ የተነሣ የማዶ ሴቶች ፀጉራቸውን የሚሠሩት እሱን እንደ መስተዋት እያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የደመናው ጠባይ ተለወጠ። ይመጣል፣ ከተራራው በላይ ይቆማል፣ ቤቱ ፈርሶ እንዳገኘው መንገደኛ ዘወር ዘወር ብሎ ያያል፣ ያልፋል። ተናዶ የመጣ ቀን ደግሞ የክረምቱን ዝናብ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያራግፈዋል። አንድ ገበሬ በሬዎቹን እንደጠመደ፣ ዕርፉን እንደጨበጠ፣ ማሳው ከሥሩ ተንሸራቶ ጎረቤት አገር አደረሰው፤ እዚያ ያሉትም እንኳን ደህና መጣህ ብለው፣ ፈርህ ግን ተጣሟል ብለው ወቀሱት። ሙቀቱም አቅሉን ሳተ። ወባ እንኳ ቆላው ሰልችቷት ደጋ ወጣች።

ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጥቶ «የደመናው አባት ማነው?» ብሎ ጮኸ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የውሻው አባት የድልድዩን አባት አየ፣ የድልድዩ አባት መሬት አየ። ለካ ለውሻ አባት ሲሾም የኖረ አገር ለደመና አባት መሾሙን ረስቶታል። ደመና ከላይ ነው፣ ከላይ ያለው የላይኛው ነው ሲባል ኖሮ፣ ልጁ እንዲሁ ያለ አሳዳጊ ቀርቷል። ገዢው ደመናን የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ አለ። ሁሉም ባንድ ድምፅ ወደ ማሳው ዳር ጠቆሙ፤ ያ ሰው እዚያ ተንጋሎ ነበር።

እውነት ለመናገር ደመናን የእሱን ያህል ያየ አልነበረም። ሲያየው የሚያስበው ስለ ዝናብ አልነበረም። አንዱን ደመና በሬ ያደርገዋል፣ ያርስበታል፤ ሌላውን ጀልባ ያደርገዋል፣ ይሳፈርበታል፤ ጠርዙ በፀሐይ የወረዛውን ደግሞ እንደ አዲስ ቡልኮ እስከ አገጩ ይስበዋል። አንዳንድ ቀን እሱ ደመናውን እያየ ይሁን ደመናው እሱን እያየ ይጠፋበታል። ነፋሱ ሲያነሣው፣ ጀርባው ከሣሩ ሲለቅ፣ አገሩ ከበታቹ እንደ ድንክ አልጋ ጠብቦ ሲታየው፣ ሚስቱ ትጠራውና ይወርዳል።

የደመና አባት ተብሎ ሲሾም ደስ አለው። ካባ ለበሰ። ደመና ጥላ ነው፣ የጥላ አባት ጥላ ይገባዋል ተብሎም ትልቅ ጃንጥላ ተሰጠው። ተኝቶ የሚሠራ ሹመት መገኘቱ ገርሞት እያፏጨ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የካባውን ጫፍ በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችና፣ «አንተ፣ ስትቀበል ሕጉን አስታወስከው?» አለችው።

«የቱን ሕግ?»

«አገር ይልቀቅ የሚለውን ነዋ። ደጃፍ ያለችውን ዶሮ እንኳ ጠርተህ አምጥተህ የማታውቅ ሰውዬ፣ ከሰማይ ልጅ ልታመጣ ነው?»

ያን ጊዜ ካባው ከበደው። በተቆረጠለት ቀን መሠረት ሐምሌ ሳይጋመስ ደመናው ተራራው ላይ ካላደረ፣ ይህችን ግቢ፣ ይህችን ጎድጓዳ መሬት፣ ከራሱ በላይ ያለችውን ይህችን የሰማይ ቁራጭ ትቶ መሄድ ነው። ሰማይ የትም አለ ይባላል። የተኛ ሰው ግን የራሱን ሰማይ ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ ትራሱን እንደሚያውቅ።

ስለዚህ መላ መምታት ጀመረ። በመጀመሪያ ነጋሪት አስጎሰመ፤ ደመና ሆይ፣ ያልሰማህ ስማ፣ እስከ ቅዳሜ ገብተህ እደር ተብሎ ታወጀ። ደመናው የሰማ ይመስላል፤ ከነጋሪቱ ጩኸት ሸሽቶ በሐሙስ ሄደ። ቀጥሎ ደመና ወገኑን ሲያይ ይመጣል ብሎ ተራራው ላይ የቀረችውን ጥቂት ቁጥቋጦ አስነቅሎ እርጥቡን አስነደደ። ጭሱ አገሩን ሞላው። መጣ፣ መጣ ብለው ያጨበጨቡ ነበሩ፤ ማጨብጨባቸውን ያቆሙት ሲያስላቸው ነው።

በመጨረሻ የጎረቤት አገር ተራራ ጠዋት ጠዋት ነጭ ለብሶ መታየቱ ለገዢው ተነገረው። ገዢው ነገሩ ገባኝ አለ፤ ልጃችንን ሰርቀውናል። ጦር ይነሣ ያሉ ነበሩ። ሽማግሎች ግን ለደመና ሰው አይሞትም ብለው በመካከል ገቡ፤ ሁለቱ አገሮች በድንበሩ ድንጋይ አጠገብ በሽምግልና ሊነጋገሩ ሆነ። የደመና አባት ካባውን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ልጁን ሊያስመልስ ሄደ። ከወዲያ ወገን የመጣችው አንዲት ባልቴት ብቻ ነበረች፤ ጫካ ጠባቂ ናት፤ ካባም ጃንጥላም የላትም፤ ነጠላዋ ግን ከጤዛ የተነሣ ርሷል።

በዚያ አገር ወግ፣ ልጅ የኔ ነው የሚል ሰው ምስክር አይቆጥርም። ሽማግሎቹ ይጠይቁታል እንጂ። ምን አበላኸው? ምን አጠጣኸው? የት አስተኛኸው? ለነዚህ መልስ ያለው ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ መልስ የሌለው ባርኔጣውን ይዞ ይሄዳል።

ጠየቁት። ምን እንዳበላው ሲያስብ ጭስ የሚል ቃል ምላሱ ላይ መጣበት፤ ዋጠው። ምን እንዳጠጣው ሲያስብ የምንጮቹ ዓይን መድረቁ ትዝ አለው። የት እንዳስተኛው ሲጠየቅ ቀና ብሎ ወደ ራሰ በራው ተራራ አየ፤ ተራራውም በቀትር ፀሐይ ብልጭ ብሎ መለሰለት። ዕድሜውን ሙሉ በመኝታ የኖረ ሰው፣ የሌላው መኝታ ምን ይሆን ብሎ ጠይቆ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ታወቀው። ጃንጥላውን አጠፈ።

ባልቴቷ ልጁን አልሰረቅነውም አለች። እንዲሁ ደክሞት ይመጣል፤ በሽማግሌ ዛፎች ጢም ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ሲነቃ ላቡን በየቅጠሉ ጠብ አድርጎ ይሄዳል፤ ምንጫችን እሱ ነው፤ የኛ ገዢ ዛፎቹ እንዳይነኩ አዟል፣ ከዚህ ሌላ የምናውቀው የለም አለች።

የደመና አባት አንድ ክርክር ቀርቶት ነበር፤ እሱን አወጣ። ልጁ እኮ ታሟል፣ አለ። ድሮ እንዲህ አያደርገውም ነበር። ከባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ቀን ከሌት በሚያነድዱት እሳት፣ በሚለቁት ጭስ ነው ሰውነቱ የተቃጠለው። ያሳመሙት ሌሎች፣ አገር ልቀቁ የምንባል እኛ፤ ይህ ፍርድ ነው ወይ?

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ነገሩ ሐሰት አልነበረምና። ከሁሉም ያረጀው፣ ከማርጀቱ የተነሣ ቅንድቡን በእጁ ገልጦ የሚያይ ሽማግሌ፣ መልስ ሰጠው።

«ማን እንዳሳመመው እንከራከራለን፤ ካሳውንም እናስከፍላለን። ይህ አንድ ጉዳይ ነው። እስከዚያ ግን፣ ወንድሜ፣ በሽተኛ ልጅ ድንጋይ ላይ ነው የምታስተኙት?»

የደመና አባት ወደ አገሩ ተመለሰ። ተንጋለለ፤ እንቅልፍ እምቢ አለው። ሰማዩ ያው ሰማይ ነበር፤ ግን ያለፈው ደመና ሁሉ ዓይኑን ያሸ፣ ያዛጋ፣ ቦታ የሚፈልግ መሰለው። ተነሥቶ ወደ ገዢው አዳራሽ ሄደና ሌላ አልሻም፣ መጥረቢያው ከተራራው ይውረድ፣ ልጁ መኝታ ይሠራለት ብሎ ለመነ። ገዢው የአዳራሹ ምሥራቃዊ ጓዳ ገና ክዳን እንዳልገባለት አስታወሰው። ደግሞም አለ ገዢው፣ ሰማዩ ሁሉ ታሞ ሳለ የኔ አንድ ተራራ ምን ታክላለች? ሌሎቹ ገዢዎች ይጀምሩት፣ እኔ ከኋላ አልቀርም። ሌሎቹ ገዢዎችም ይህንኑ ቃል ስለ እሱ ይሉ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ከኋላ ላለመቅረት ተስማምተው ሁሉም ከኋላ ቆመው ነበር።

ሐምሌ ተጋመሰ። ደመናው አልመጣም። አገር ልቀቅ ተባለ።

ሚስቱ ዕቃቸውን በአንድ አህያ ጫነች። ያን ግቢ ዞራ ስታይ አላለቀሰችም፤ ምጣድ የሚያህል ሰማይ ቢተዉልኝ ኖሮ በጥፍሬ እይዘው ነበር አለች ብቻ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችው። ሰውዬው ወደ ምሥራቅ አየ፣ ወደ ምዕራብ አየ፣ ከዚያ አህያውን ወደ ላይ ነዳ፤ ወደ ራሰ በራው ተራራ። የድንበር ጠባቂዎች ተከትለው ደረሱበትና ይህ እኮ የኛው ተራራ ነው፣ አገር ልቀቅ ነው የተባልከው አሉት።

«ሣር አለው?» አላቸው።

የለውም አሉት።

«ውሃስ? ሰውስ? የወፍ ጎጆስ?»

እሱም የለውም አሉት።

«ታዲያ አገርነቱ በምኑ ነው? ይህ ተራራ እኮ ከኔ በፊት አገሩን ለቅቋል። እኔ ተከትዬው መሄዴ ነው።»

ጠባቂዎቹ ለዳኞች ነገሩ፤ ዳኞቹ ተሰብስበው ሲከራከሩ፣ ሲከራከሩ፣ መልስ ሳያገኙ ዓመት አለፈባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውዬው ተራራው ላይ ነበር።

ተራራው ላይ ወጥቶ መጀመሪያ ያደረገው ያው መተኛት ነው። መሬቱ አላስተኛ አለው፤ ድንጋዩ ጎኑን ወጋው። በመተኛት የኖረ ሰው ጎን ደግሞ እንደ ወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ነው፣ ጠጠር አያልፈውም። ድንጋዩን እየለቀመ ወደ ታች ደረደረው። ጥቂት ያካፋች ቀን አፈሩ መሄዱን ትቶ ከድርድሩ ጀርባ ተኛ። በሌላው ቀን ሌላ ድርድር ሠራ፤ እዚያም አፈር ተኛ። ተራራው ከላይ እስከ ታች አልጋ በአልጋ መሆን ጀመረ። እርከን የሚባለው ነው፤ እሱ ግን መኝታ ይለው ነበር። ሣር በቀለ። ከተቆረጡት ወይራዎች ጉቶ፣ የሞተ መስሎት ከሚቀመጥባቸው፣ ለስላሳ ቀንበጥ ሽቅብ ወጣ፤ አንደኛው ከሥሩ ብቅ ብሎ ሲነካው ይቅርታ ብሎ ተነሣለት።

ፍየል መጣ። በጃንጥላው መለሰው። ባለፍየሎቹ ተቆጡ፣ ልጆቻችን ወተት ይጡ ወይ አሉ። ሚስቱ ወርዳ ሰው በሰው ለመነቻቸው፤ ፍየል አይግባ፣ ማጭድ ይግባ አለቻቸው። ሣሩን አጭደው በሸክም መውሰድ ጀመሩ፤ ፍየሎቹም በየደጃቸው ታስረው እየበሉ ወፈሩ፣ አንዷማ በር አላስወጣ ብሏት ግድግዳ ተፈርሶላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ መንደሩ ሁሉ ከሰውዬው ጋር ተስማማ። የማይስማማ አንድ ብቻ ነበር። የገዢው ጠራቢዎች ለዚያች ለምሥራቋ ጓዳ ማገር ይፈልጉ ነበርና፣ ቀንበጡ እጅ ባከለ ቁጥር ወጥተው ይቆርጡታል። የደመና አባት ይለምናቸዋል፤ ትዕዛዝ ነው ይሉታል፤ ይቆርጡታል። ፍየል በጃንጥላ ይመለሳል፤ ትዕዛዝ አይመለስም።

ዳኞቹ መልስ ባጡለት ጊዜ ገዢው ራሱ ተቆጣ። የተሰደደ ሰው አናቴ ላይ ተቀምጦ ይሥቅብኛል ወይ አለ። ሰውዬውንና ሚስቱን ከነአህያቸው ወደ ማዶ ሊያሻግር፣ ያቆጠቆጠውንም አስመንጥሮ ጓዳውን ሊያስጨርስ፣ ፈረሰኛውን፣ ነጋሪቱን፣ ጠራቢዎቹን አስከትሎ ጠዋት ወጣ። ያ ገዢ ድምፁ ነጎድጓድ ነበር። ማዕድ ላይ ጨው አቀብሉኝ ሲል በሦስተኛው ሸለቆ ያለ እረኛ ጨው ይዞ ይመጣ ነበር።

ሚስትዮዋ ከታች የነጋሪቱን ድምፅ ሰማች። ዕቃዋን እንደገና መጫን ጀመረች። ባሏን ተነሥ ልትለው እሱ ወዳለባት ጉድባ ሄደችና አየችው፤ ቆመች፤ መጫኗንም ተወች።

ገዢው አናቱ ላይ ሲደርስ ፈረሱ ቆመበት። ኮረኮረው፤ አልሄድም አለ። ወርዶ በእግሩ ሄደ። ከእርከኖቹ መካከል፣ ወይራው ወገብ ያህል ባደገባት አንዲት ጉድባ ውስጥ፣ እንዲህ እፍኝ ባዘቶ የምታህል ደመና ተኝታ ነበር። ጫፏ ቀንበጦቹን ተንተርሷል። ቀስ ብላ ትተነፍሳለች፤ ስትተነፍስ ቅጠሎቹ ያብጣሉ፣ ስትመልስ ቅጠሎቹ ያንጠባጥባሉ። ያ ሰውዬ አጠገቧ በጉልበቱ ተቀምጦ፣ የወጣችው ፀሐይ እንዳታገኛት ጃንጥላውን ዘርግቶላት ነበር። ክንዱ ዝሏል፤ ከሌሊት ጀምሮ እንደ ያዘው ያስታውቃል። ከዝናብ ሊሸሹበት የተሠራውን ጃንጥላ ዝናቡ ራሱ ተጠልሎበት ያየ ከዚያ ቀን በፊት የለም።

ነጋሪት መቺው ዱላውን አነሣ። ጠራቢዎቹ መጥረቢያቸውን ከትከሻ አወረዱ። ያን ጊዜ ገዢው እጁን ዘረጋና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሹክሹክታ ተናገረ።

«ዝም በሉ። ተኝቷል።»

ነጋሪቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፈረሰኞቹ የፈረሶቻቸውን ቃጭል በእጃቸው ጨበጡ። ጫማ ያለው ጫማውን አወለቀ። ጠራቢዎቹ ስኳር ሲሰርቁ እንደተያዙ ልጆች መጥረቢያቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ከአንዲት ቅጠል ላይ ጠብታ ወርዳ የገዢው እጅ ጀርባ ላይ አረፈች፤ ገዢውም እጁን ሳያንቀሳቅስ፣ እንዳትፈስበት እየሠጋ፣ ረጅም ጊዜ አያት። አዳራሹ በዚያች ጠብታ ውስጥ ተገልብጦ ይታየው ነበር፤ ትንሽ ነበር፤ የገብስ ቅንጣት አያህልም።

«የኛው ነው?» አለ፣ ያው በሹክሹክታ።

«እንጃ ጌታዬ» አለ የደመና አባት። «የማንም ይሁን። አልጋ አገኘና ተኛ።»

ገዢው ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሣ መለሰ።

«ፍየሉን እኔ እመልሳለሁ። ጎረቤቶቼን ሚስቴ ትለምናለች። የጌታዬን መጥረቢያ ግን ከጌታዬ በቀር የሚመልሰው የለም።»

በዚያ አገር በሹክሹክታ የታወጀ አዋጅ አንድ እሱ ብቻ ነው። ገዢው ለነጋሪት መቺው ጆሮ ነገረው፣ ነጋሪት መቺው ለፈረሰኛው፣ ፈረሰኛው ለጠራቢው፤ ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተንሸራተተ ተራራውን ወረደ፣ ገበያውን አቋረጠ፣ ሌሎቹን ተራሮች ሁሉ ወጣ። ይህ መኝታ ነው፤ መጥረቢያ አይግባበት ይላል። በጩኸት ቢታወጅ ኖሮ ሰው ለምዶታልና አይሰማውም ነበር፤ በሹክሹክታ ስለሆነ ግን ሁሉም ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። ከዚያ ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ፈረስ፣ በጣቱ እየረገጠ፣ ትንፋሹን ውጦ ቁልቁል ወረደ። አንድ ሰው ሊያስነጥሰው ሲል ጓደኞቹ አፍንጫውን ይዘው አወረዱት።

የሰውዬውን ነገር ዳኞቹ ጨረሱት። ተራራው ሣር አለው፣ ውሃ አለው፣ ሰው አለበት፤ ስለዚህ አገር ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው አንዲት እርምጃ ሳይራመድ ከስደቱ ተመልሷል ብለው ፈረዱ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ አህያውን ለመጨረሻ ጊዜ አራገፈች፤ አህያው ሣቀ ይባላል። የምሥራቋ ጓዳ እስከ ዛሬ ክዳን የላትም። ሲዘንብ ገዢው እዚያ ቆሞ ይበሰብሳል፤ ጓዳዬ ከአዳራሼ ሁሉ በለጠችብኝ ይላል።

ደመናውስ እዚህም ያድራል፣ ባልቴቷም አገር ያድራል። ሌሎች ገዢዎች ወሬውን ሰምተው በየተራራቸው አልጋ ያነጥፉ ጀመር፤ ልጁ ማረፊያው ሲበዛለት ንዴቱ ቀነሰ። ባልቴቷ በመንገደኛ ሰላምታ ልካ ነበር፤ ልጁ ቀለል ብሎታል፣ ገና ግን አልዳነም፣ ያስለዋል ብላለች። የባሕር ማዶው እሳት አልጠፋምና።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ልጁ አየሩ ነው፤ በሽታውም የምትይው ሙቀት ነው። በትልቁ ሸንጎ የዓለም መንግሥታት ሲሰበሰቡ ማን እንዳሳመመው ይከራከሩ፤ ያሳመመውም ካሳ ይክፈል። ይህን አትተዉ። ነገር ግን በሽተኛው ዛሬ ደጃችን ቆሟል፣ መኝታ ይጠይቃል። ድንጋዩን እኛ እንደረድራለን። ፍየሉን እኛ እንመልሳለን። ሲመሽ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላውን ሁሉ እኛ እንችለዋለን። መጥረቢያው፣ ፈቃዱ፣ የጓዳው ማገር ግን ከእናንተ አዳራሽ ነው የሚወጣው፤ እሱን ከእናንተ በቀር የሚመልሰው የለም። ሌሎቹ ይጀምሩት የሚልሽ ቢኖር፣ ይህንኑ የሚል ገዢ በየአገሩ እንዳለ፣ ሁሉም ከኋላ እንደ ቆሙ ንገሪው።

ደግሞ «ክልል» የሚለውን ስማችሁን ምን ማለትህ ነው ብለሽ ጠይቂው። ከብት እንዳይገባበት፣ እንዲያገግም ብለን የምናጥረውን ሣር ምን እናደርገዋለን ነው የምንለው? እንከልለዋለን አይደለም ወይ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል። ክልል ማለት የከለለ ነው። ከፀሐይ ያልከለለ፣ ከመጥረቢያ ያልከለለ፣ ልጅ የማያስተኛ ክልል፣ ምኑን ክልል ሆነው?

ሂጂ ልጄ፣ ከልዪ።